ፎርቱናታ ወደታች ስትመለከት

እናቴ ፎርቱናታ ክሬያ ከአሥራ ሁለት ዓመቷ እስከ ሃምሳ ሁለት ዓመቷ ድረስ በራሷ ላይ ሸክም ተሸክማለች። ጨው፣ ዓሣ፣ ወይን፣ ሎሚ፣ የጣሪያ ሸክላ፤ አንድ ጊዜማ የልብስ ስፌት መኪና ከነእግሩ። በእኛ የካላብሪያ ጠረፍ ተራራው ባሕሩ አፍ ድረስ መጥቶ ነው የሚቆመው። ወንዶቹ ባሕር ላይ ናቸው፤ የብሱ የሴቶች ነው። በቅሎ የማይወጣውን የድንጋይ ደረጃ ሴት ቅርጫት ተሸክማ ትወጣዋለች። ስንት ኪሎ እንደተሸከመች የመዘገበ ስለሌለ ቁጥር አልሰጥም። እሷ ራሷ ግን "አርባ ኪሎ ካልሞላ ሸክም አይባልም፣ ባርኔጣ ነው" ትል ነበር።

የተሸከመች ሴት አንገቷን አታንቀሳቅስም። ይህን የምንማረው በሰባትና በስምንት ዓመታችን ነው፤ መጀመሪያ ከራስና ከሸክም መካከል የሚገባው የጨርቅ ማቶት ብቻ፣ ቀጥሎ በማቶቱ ላይ ውሃ የሞላ እንስራ። ወደ ጎን ማየት ያማራት መላ ሰውነቷን ታዞራለች። የወደቀ ነገር ለማንሳት ጉልበቷን አጥፋ ከወገቧ ዝቅ ትላለች፤ አንገቷ ከጀርባዋ ጋር አንድ ምሰሶ ሆኖ ይከተላል። በአገራችን ሰው "አይሆንም" ሲል አገጩን ወደላይ ያነሳል። የተሸከመች ሴት ግን ምላሷን ቀጭ አድርጋ ቅንድቧን ከፍ ታደርጋለች፣ በቃ። ሸክሙ ከወረደ በኋላም ልማዱ አይወርድም። እናቴ ሾርባ ስትጠጣ ሳህኑን ወደ አፏ ታመጣለች እንጂ አፏን ወደ ሳህኑ አትወስድም። አባቴ የሞተ ዕለት አስከሬኑን የሳመችው ተንበርክካ፣ ቀጥ ብላ፣ ከወገቧ ዘንበል ብላ ነው።

ዶመኒካ የምትባል ጎረቤታችን አለች፤ ሰው ሁሉ ሚካ ይላታል። ከእናቴ ጋር ሠላሳ ዓመት አንድ ደረጃ ወጥተው ወርደዋል። እሷ ነበረች በዚያ ቀብር ማግሥት በሩ ላይ ተቀምጣ እናቴን እንዲህ ያለቻት፦

"ናታ፣ ትናንት እኮ ሰው ሁሉ 'ቅርጫት አለባት እንዴ?' እያለ ነበር። ባል ሞቶባት ራሷን የማትነቀንቅ ሴት አየን።"

"አንቺ ባልሽ በቁሙ እያለ ነው ስትነቀንቂ የኖርሽው፤ እኔን ተይኝ።"

በ1958 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ እናቴ ወደቀች። የወይን ጭማቂ የሞላ በርሜል ይዛ ስትወርድ የደረጃው ድንጋይ ተነቀለ። በርሜሉን መልቀቅ ነበረባት፤ አልለቀቀችም። ከነሸክሟ ወደ ፊት ሄዳ በጉልበቷ አረፈች፣ ራሷ ወደ ደረቷ ተወረወረ። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ ከኋላዋ ሦስት ደረጃ ላይ ቆሜ አይቻለሁ። ሐኪም አልተጠራም። በሦስተኛው ቀን እነ ሚካ መጥተው ግድግዳ አስደግፈው አስቀመጧትና ግማሽ ሸክም ጨው በራሷ ላይ አኖሩ። የእኛ ሴቶች የሚያምኑት ይህንን ነው፤ የአንገት አጥንት ሸክም ሲያጣ ይበተናል፣ ሸክም ሲያገኝ ቦታው ይገባል። ሕመሙ በአርባ ቀኑ ለቀቃት። በዚያው ኅዳር ተመልሳ መንገድ ጀመረች።

እኔ ባሕሩን ተሻግሬ መሲና ዩኒቨርሲቲ ታሪክና የሰነድ አያያዝ ተማርኩ። ከዚያም እዚያው ማዶ ባለ አንድ ሆስፒታል የካርድ ክፍል ኃላፊ ሆንኩ። ጠዋት በጀልባ እሄዳለሁ፣ ማታ እመለሳለሁ። እናቴ ተራራው ላይ የጭነት መኪና መድረስ ሲጀምር ሸክሙን ትታ ዓሣ በጨው ማድረግ ጀመረች። ትንንሾቹን ዓሣዎች ራሳቸውን ቆርጣ በአውራ ጣቷ ሆዳቸውን ሰንጥቃ አከርካሪያቸውን በአንድ ስበት ትነቅላለች፤ ከዚያ በሸክላ ማሰሮ አንድ ረድፍ ዓሣ፣ አንድ ረድፍ ጨው። በሰፈራችን እሷ የምታሰናዳው ውስጥ እሾህ አገኘሁ ያለ ሰው አልነበረም።

በ1974 ሚያዝያ እሾህ ተገኘ። መጀመሪያ አንድ ሰው ሳቀባት፣ ቀጥሎ ሌላው። እናቴ ለሁለት ሳምንት ደብቃኝ በመጨረሻ፣ "ሊታ፣ አውራ ጣቴ ዓሣውን አያውቀውም" አለችኝ። ስሜ ኢፖሊታ ነው። የሁለቱም እጆቿ ጣቶች ደንዝዘዋል። ቁልፍ መቆለፍ እየተሳናት ነበር። ለሌላ ሰው ትንሽ ነገር ይመስል ይሆናል። እናቴ ግን የሸክም ሥራዋ ስላበቃ የቀራት እጇ ብቻ ነበር፤ እጇ ከሄደ ቤት ተቀምጣ በሰው እጅ መጎረስን ከሞት አስበልጣ ትፈራ ነበር።

ወደ ሆስፒታላችን ይዣት ሄድኩ። የተቀበላት ዶክተር ላጋና የሚባል ሰው ነው፤ ትሑት፣ የማይቸኩል።

"እማማ፣ ምን ይሰማዎታል?"

"ምንም አይሰማኝም። የመጣሁት ለዚሁ ነው።"

ሳቀ። ጣቶቿን በመርፌ ነካካ፤ ጉልበቷን በትንሽ መዶሻ መታ፤ እግሯ ከሚገባው በላይ ተወረወረ። ፊቱ ትንሽ ተለወጠ። የእጅ መደንዘዝ ምንጩ አንገት ሊሆን እንደሚችል ነገራትና ከመደርደሪያው በሽቦ የተያያዘ የአንገት አጥንት አወረደ። እናቴ ከወገቧ ዘንበል ብላ አየችው።

"የማን ነው?"

"የማን እንደሆነ አይታወቅም፣ እማማ።"

"ድኻ ነው በለኛ። ሀብታም ቢሆን ስም ይኖረው ነበር።"

ሰባት አጥንቶች ናቸው። ዶክተሩ ከታች ያሉትን አምስቱን አንድ በአንድ ነካ፤ የተደራረቡ ናቸው፤ በመካከላቸው ጫና የሚችል ለስላሳ ትራስ አለ፤ ከኋላ በግራና በቀኝ አንዱ በሌላው ላይ የሚንሸራተትባቸው ትንንሽ መገጣጠሚያዎች አሉ። እያንዳንዳቸው የሚንቀሳቀሱት ጥቂት ጥቂት ነው፤ ሲደመር ነው አንገት የሚታጠፈው። ከላይ ያሉት ሁለቱ ግን ሌላ ዓይነት ናቸው። የመጀመሪያው ቀለበት ነው፤ የራስ ቅል ተቀምጦበት ሰው ራሱን "እሺ" ብሎ የሚያወዛውዘው በእሱ ላይ ነው። ሁለተኛው አጥንት ወደላይ የቆመ ጥርስ አለው። ጥርሱ በቀለበቱ ውስጥ ገብቶ ይቆማል፤ ሰው ወደ ግራና ወደ ቀኝ ሲዞር ከዙሩ ግማሽ ያህሉ ቀለበቱ በዚህ ጥርስ ዙሪያ ሲሽከረከር የሚገኝ ነው።

"ወፍጮ ነዋ" አለች እናቴ። "ድንጋዩ በእንብርቱ ላይ።"

"እንደዚያው ነው። ጥርሱ ወደ ኋላ እንዳይሄድ በጀርባው በኩል አንድ ጅማት እንደ መቀነት ይዞታል። ከመቀነቱ ኋላ ያለው ሰረሰር ነው፤ ወደ እጅና ወደ እግር የሚሄደው ትእዛዝ ሁሉ በዚያ ነው የሚያልፈው።"

"መቀነቱ ቢበጠስስ?"

"አንገት ሲታጠፍ ቀለበቱ ወደ ፊት ይሄድና ጥርሱ ሰረሰሩን ይጫነዋል። ቀጥ ሲል ግን ሁሉም ቦታው ይመለሳል፣ ምንም አይታይም። ስለዚህ ራጅ ስናነሳ ቀና ብለው፣ ወደላይ አይተው፣ ወደታች አይተው፤ ሦስት ጊዜ ነው።"

"አንገቴን ከፈለጋችሁት ውሰዱት፤ አርባ ዓመት አገልግሎኛል። እጄን ግን መልሱልኝ።"

ወደ ራጅ ክፍል ያስገባኋት እኔ ነኝ። ለዘመድ አይፈቀድም፤ ለሠራተኛ ግን ማንም ምንም አይልም። ጨረር ከሚከለክለው የእርሳስ መከለያ ኋላ ከባለ ራጁ ጎን ቆምኩ። ቀና ብላ የሚነሳው ተነሳ። ወደላይ የሚነሳው ተነሳ። ከዚያ፦

"አሁን መሬቱን ይመልከቱ፣ እማማ። አገጭዎን ወደ ደረትዎ።"

እናቴ መሬቱን ተመለከተች።

"አየሁት። መጥረጊያ ያስፈልገዋል።"

ባለ ራጁ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። ራሷ ከፊልሙ ሰሌዳ አልፎ ስለወጣበት ሄዶ ሰሌዳውን አንድ ስንዝር ዝቅ አደረገው። ተመልሶ መጥቶ ቁልፉን ተጫነ። በፊልሙ ጥግ ላይ "የታጠፈ" የሚለውን ምልክት ለጠፈበት።

በማግሥቱ ውጤቱን በካርዷ ላይ የገለበጥኩት በራሴ እጅ ነው። "በመታጠፍም በመቃናትም በመጀመሪያውና በሁለተኛው አጥንት መካከል ያለው ክፍተት ሁለት ሚሊ ሜትር። የተረጋጋ። የታችኞቹ አምስቱ ያረጁና የደረቁ።" በአዋቂ ሰው እስከ ሦስት ሚሊ ሜትር ደህና ነው። ዶክተሩ ውጤቱን አይቶ ተነፈሰ። መቀነቱ ደህና ነው፤ የታችኞቹ አጥንቶች እንቅስቃሴ አጥተው ደርቀው ነርቮቹን ይዘዋል፤ አንገት መፍታታት አለበት። አገጭ ወደ ደረት፣ ጠዋት አሥር ጊዜ፣ ማታ አሥር ጊዜ፣ ለአንድ ወር።

ደብተር አወጣሁ። ቀን፣ ሰዓት፣ ቁጥር፣ አስተያየት፤ አራት ዓምድ አሰመርኩ።

በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት እኔ ቡና እያፈላሁ እሷ ትቆጥር ነበር። በሦስተኛው ቀን ዞር ብዬ ሳይ ከወገቧ ነው የምታጎነብሰው።

"እማ! ከወገብ አይደለም፣ ከአንገት!"

"ምን ልዩነት አለው? መሬቱን እያየሁት ነው።"

በዚያች ደቂቃ የራጁ ክፍል ትዝ ሊለኝ ይገባ ነበር። ዝቅ የተደረገው ሰሌዳ ትዝ ሊለኝ ይገባ ነበር። እናቴ መሬት ስታይ በሕይወቴ ሙሉ ያየኋት እንደዚያው ነው፤ ክፍሉ ውስጥም ያየሁት የማውቀውን ነው፤ የማውቀውን ነገር ደግሞ አላየሁትም። ሻርፏን አምጥቼ ደረቷን ከወንበሩ ድጋፍ ጋር አሰርኩት። መዳፌን በማጅራቷ ላይ አድርጌ፣ "በይ እንግዲህ፣ አንድ" አልኩ።

በአራተኛው ቀን፣ "ሊታ፣ ስታጎነብሺኝ ከማጅራቴ እስከ ተረከዜ መብረቅ ይወርዳል" አለችኝ። በደብተሩ ላይ የጻፍኩት አሁንም አለ፦ "ከማጅራት እስከ ተረከዝ ንዝረት። እየላላ ነው።"

በስምንተኛው ቀን እግሯን ከፈት ከፈት አድርጋ መራመድ ጀመረች። እትዬ ሚካ በር ላይ ሆና አየቻት።

"ይህቺ ሴት ጀልባ ላይ ናት እንዴ? አንቺ የተማርሽ፣ ተያት እንጂ!"

"ዶክተር ያዘዘው ነው፣ እትዬ ሚካ።"

"ዶክተርሽ ተሸክሞ ያውቃል?"

"ተሸክሞ አያውቅም፤ ራጁን ግን አይቷል።"

"እኔ ደግሞ እሷን አይቻታለሁ። ግማሽ ሸክም ጨው ራሷ ላይ አድርጊላትና በጠዋት ትድናለች።"

"ሂጂልኝ፣ ሥራ አለብኝ" አልኳት። ከልጅነቴ ጀምሮ ለእሷ የተናገርኩት ክፉ ቃል ይኸው አንዱ ነው። የጨው ሸክሙ ነገር ድንቁርና እንደሆነ ዛሬም አውቃለሁ። ሆኖም አንገቷን ቀጥ የሚያደርግ ድንቁርና ነበር። የእኔው ዕውቀት ነው የሚያጎነብሳት።

እናቴ እምቢ አላለችም። ለእጇ ስትል ነው የታገሠችው። "ስንት ቀረ?" ትለኛለች። "አምስት።" "በይ ቶሎ በይ፤ ዓሣው ይበላሻል።"

በአሥራ አንደኛው ቀን ጠዋት፣ በሰባተኛው ላይ፣ እጆቿ ከጭኖቿ ላይ ወደ ጎን ወደቁ። "ሊታ፣ እግሬን ማን ወሰደው?" አለች። ሻርፑን ስፈታው ከወንበሩ ተንሸራተተች።

ሰዎች በቃሬዛ ወደ ጀልባው አወረዷት። ዶክተር ላጋና በዚያው ቀን ራሱ ራጅ ክፍል ገባ። የእርሳሱን መጎናጸፊያ ለብሶ ራሷን በሁለት እጁ ይዞ በጣም ጥቂት ብቻ ወደ ፊት አዘነበለና "አሁን!" አለ። ከሰዓት በኋላ አስጠራኝ። ሁለቱን ፊልሞች በመብራቱ ሰሌዳ ላይ ጎን ለጎን ሰቅሏቸዋል። በአዲሱ ላይ በቀለበቱና በጥርሱ መካከል ዘጠኝ ሚሊ ሜትር አለ። ጣቱን በቀድሞው ላይ አኖረ።

"እዚህ ላይ ተመልከቺ። ፊቷ ወደ መሬት ነው፤ እኔም ፊቷን አይቼ አንገቷን አጥፋለች ብያለሁ። አንገቷ ግን አንድ ቀጥ ያለ መስመር ነው። ይህ አንገት አልታጠፈም፣ ጠቅላላው ሰው ነው ያዘነበለው። ማን ነበር ክፍሉ ውስጥ?"

"እኔ ነበርኩ።"

ወደ ፊልሞቹ ተመለሰ። ከዚያ መቀነቱ የተበጠሰው ዛሬ እንዳልሆነ ነገረኝ፤ ከጅማቱ ጋር የተነቀለው የአጥንት ጫፍ ከብዙ ዓመት በፊት የለዘበ ነው። ወድቃ ታውቅ እንደሆነ ጠየቀኝ። የ1958ቱን ነገርኩት። "አሥራ ስድስት ዓመት" አለ። "እነዚያን ዓመታት ጅማት አይደለም የያዛት፣ ልማዷ ነው። ከዚያ ወዲህ አንገቷን አጉብጣ አታውቅም ማለት ነው።"

"እኛ ሁላችንም አናጎነብስም" አልኩት።

በሰኔ ቀዶ ሕክምና ተደረገላት። ከዳሌዋ አጥንት ቆርጠው ቀለበቱንና ሁለተኛውን አጥንት በሽቦ አንድ ላይ አሰሯቸው። እንዳይንቀሳቀስ ሦስት ወር ከራሷ እስከ ወገቧ በጄሶ ታሸገች። አንገቷ በሚገባ ገጠመ። እግሯ በመደገፊያ ከአልጋ እስከ መስኮት የሚያደርስ ያህል ተመለሰ። እጇ አልተመለሰም።

በሥራዬ ደንብ የተጻፈ ውጤት አይሰረዝም፤ ከሥሩ ማስታወሻ ይጨመራል እንጂ። ጨመርኩ፦ "በዚህ ምርመራ ጊዜ አንገቱ አልታጠፈም። በክፍሉ የነበረችው የካርድ ክፍል ኃላፊ የታማሚዋ ልጅ ስትሆን አላስተዋለችም።" የሆስፒታሉ አስተዳዳሪ ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር አስፈላጊ አይደለም አለኝ። እውነት ግን ነው አልኩት፤ ሳይሰረዝ ቀረ።

ለእናቴ ግን አልነገርኳትም ነበር። እሷ ለጠያቂ ሁሉ "ሸክሙን ስተው አጥንቴ ተበተነ" እያለች ትነግር ነበር፤ እትዬ ሚካም "አላልኩም?" ትላለች። ይህ ለእኔ ከመከሰስ ይልቅ ከብዶኝ ወራት ካለፉ በኋላ፣ በጥር አንድ እሑድ፣ ፊቷ ተቀምጬ ሁሉንም ነገርኳት። ስለ ፊልሙ፣ ስለ ሰሌዳው፣ ስለ ሻርፑ። እስከ መጨረሻው ሳታቋርጠኝ አዳመጠች።

"ስንቴ አጎነበስሽኝ?"

"ሁለት መቶ ሰባት ጊዜ።"

"ቆጥረሽዋል?"

"ጽፌዋለሁ።"

"የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀን ከወገቤ ነው ያደረግሁት። አርባውን ቀንሺ።"

"እማ—"

"ቀንሺ አልኩሽ! ያልተደረገ አትጻፊ። ስንት ቀረ?"

"መቶ ስድሳ ሰባት።"

ወደ መስኮቱ ለመዞር አንገቷ ስለማይሄድላት ዓይኗን ብቻ መለሰች። ይቅር ብያለሁ አላለችም፤ ይቅር አልልምም አላለችም። ከዚያ ቀን በኋላ ስለ አጥንቷ መበተን ማውራት ተወች። ለእኔ ማድረግ የምትችለው ያ እንደሆነ አድርጌ ልወስደው ሞከርኩ፤ እርግጠኛ ስላልሆንኩ ግን እንዲህ ነው ብዬ አልጽፍም።

ከዚያ በኋላ አንድ ዓመት ኖረች። ቀን ቀን እኔ ማዶ ስለሆንኩ የምታጎርሳት እትዬ ሚካ ነበረች።

"አፍሽን ክፈቺ።"

"ጨው የለውም።"

"ጨው ስትሸከሚ በነበረበት ጊዜ ታስቀምጪ ነበራ። ዋጪ!"

ማታ ስመለስ ሲሰዳደቡ ከደረጃው ሥር ይሰማኛል፤ ዝም ካሉ ነበር የምደነግጠው። እናቴ የፈራችው በሰው እጅ መጎረስ ቀለላት አልልም። ጉርሻው ወደ አፏ በመጣ ቁጥር ዓይኗን ትጨፍን ነበር፤ አንድ ቀንም ከፍታ አልጎረሰችም።

በ1976 የካቲት ሳንባዋን ብርድ ያዘው። ለማሳል የሚሆን ጉልበት አልነበራትም። የሞተችው ረፋዱ ላይ ነው፤ እኔ ካርድ ክፍል ነበርኩ። ማታ እትዬ ሚካ ገላዋን ሁሉ አስተካክላ፣ ፊቷን አጥባ፣ በሩ ላይ ጠበቀችኝ።

"ምን አለች?" አልኳት።

"ምን ትላለች። ጠዋት ጠዋት እንደምትለው፣ 'ሚካ፣ እጄ የት ነው?' አለችኝ። ደረትሽ ላይ ነው አልኳት። ውሸቴን ነው ልጄ፤ ከአልጋው ተንጠልጥሎ ነበር። በኋላ ውሸታም ሆኜ እንዳልቀር ብዬ አነሳሁና ደረቷ ላይ አደረግሁላት።"